የንጉሤ መኪናና የእትዬ አሰገደች ባሕር ዛፍ

ዘንድሮ ዕቃ ብቻውን አይሸጥም፤ ጽድቅ ተመርቆበት ነው የሚሸጠው። ሳሙና ልትገዙ ሱቅ ጎራ ብትሉ ማሸጊያው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎ ታገኛላችሁ። ሳሙናው ገና እጃችሁን ሳይነካ ኅሊናችሁን ሊያጥብላችሁ ቃል ይገባል። የታሸገው ውሃም ቅጠል አለው፣ የጥርስ ሳሙናውም ቅጠል አለው፣ ሰሞኑን ደግሞ የሚስማር ካርቶን ላይ ሳይቀር ቅጠል አይቻለሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና ቅጠል ስላየሁ ብቻ አላምንም፤ የምን ዛፍ ቅጠል እንደሆነ እንዲነገረኝ እፈልጋለሁ። ባለሱቁን ብጠይቀው «አባባ፣ እሱ እንኳ ዲዛይን ነው» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ይህ ምራቂ ጽድቅ አሁን መኪና ላይ ደርሷል። ድሮ እኛ አገር መኪና የገዛ ሰው የሚጠየቀው ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ዳገት ላይ ይደክም እንደሆነና መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ነበር። ስለ ሰማዩ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰማዩ የእግዜር ነው፣ እሱው ይጠብቀው ብለን ትተንለት ኖረናል። አሁን ግን ጎረቤታችሁን «እንኳን ደስ ያለህ» ልትሉት ብትሄዱ፣ ገና ወንበር ሳትይዙ መኪናው ለዓለም ሙቀት የዋለውን ውለታ ይተርክላችኋል። በነገራችን ላይ እኛ በምንኖርበት ደብረ ብርሃን በዓለም ሙቀት ሰው ማስደንገጥ ቀላል ሥራ አይደለም። በኅዳር ጧት ሁለት ሹራብ ደርቦ ታክሲ የሚጠብቅን ሰው «ምድር እየሞቀች ነው» ብትሉት «መቼ ነው እኛ ጋ የምትደርሰው?» ነው የሚላችሁ።

ሃይብሪድ የሚባለው መኪና ለአካባቢ እውነት ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን ነገር ዓለም በትልልቅ አዳራሽ ይከራከርበታል አሉ። እኛም ተከራክረንበታል፤ አንኮበር ቁልቁለት ላይ፣ አራት ሰዎች ሆነን፣ በአንድ እሁድ ጧት። የእኛ ክርክር ከአዳራሹ የሚለየው፣ ከተሸነፉ የቤታቸው ጣራ በነፋስ የሚሄድባቸው አንዲት ባልቴት የነበሩበት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከንጉሤ ልጀምር። ንጉሤ ወዳጄ ነው፤ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ሲመላለስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው። ትምህርት ብዙ የለውም፤ ገንዘብም የለውም። የሚኮራበት ነገር ቢኖር አንድ ሙያ ነው፦ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ አይሰጥም። ቁልቁለት ሲጀምር ካምቢዮውን ወደ ራሱ ሳብ ያደርግና ፍሪ ይለዋል፤ ማለትም ሞተሩን ከጎማው ያለያየዋል። ከዚያ መኪናው በገዛ ክብደቱ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ንጉሤም አንድ እጁን መሪው ላይ ጣል አድርጎ ያንጎራጉራል። እግዜር በነፃ የሰጠውን ቁልቁለት በነዳጅ መውረድ እሱ ዘንድ ነውር ነው። ይህን የማያደርገው ጣርማ በር ላይ ብቻ ነው፤ እዚያማ ሰይጣንም ቢነዳ ማርሽ ያስገባል ይላል። በዚህ ሙያው አለቆቹ አመስግነውታል፣ ጓደኞቹ ቀንተውበታል፣ እኔም እሱ የነዳው መኪና ላይ በተሳፈርኩ ቁጥር ዳዊት ደግሜያለሁ።

ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ አጣ። ምሳ ሲቀርብለት ሰሐኑን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ ሚስቱ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። አንድ ቀን ታዲያ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣና የመኪና ቪዲዮ አሳየኝ። ሃይብሪድ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ይህ መኪና ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱ በቤንዚን፣ ሌላው በባትሪ የሚሠራ። ባትሪው ሶኬት ላይ አይሰካም፤ መኪናው እየሄደ ራሱ ይሞላዋል። እንዴት አድርጎ እንደሚሞላው ግን እኔም አልጠየቅሁም፣ ንጉሤም አልጠየቀ። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ለምን አትገዛም ብዬ ብጠይቀው፣ ያለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ስንት ቀን በሻማ እንደተቀመጥን አስታወሰኝ። ከዚያ ጥያቄውን አመጣ። «አንተ የተማርክ ነህ። ይሄ ነገር እውነት ለአካባቢ ይሻላል?»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናገር። እኔ በተማሪ ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ የነበርኩ ሰው ነኝ። በየክረምቱ ችግኝ አስተክያለሁ፤ ጉድጓዱን አዲስ አንቆፍርም ነበር፣ የአምናው ችግኝ ስለማይኖርበት እሱኑ ነበር የምንጠቀመው። እንዲህ ያለ ልምድ ያለኝ ሰው ቆም ብዬ ማሰብ ይገባኝ ነበር። ባትሪው ከየትኛው አገር መሬት ተቆፍሮ እንደወጣ፣ መኪናው ስንት ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ፣ ሲያረጅ የት እንደሚጣል መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን የዚያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር። ወሬውን ለማሳጠር ብዬ «ይሻላል እንጂ» አልኩት።

ንጉሤ ያንን ቃል ይዞ አንኮበር ወረደ። አንኮበር ከከተማው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የአባቱ ቤት አለ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ታላቅ እኅቱ እትዬ አሰገደች ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተዋል። አባታቸው ለሁለቱ ያወረሷቸው ባሕር ዛፍ ቤቱን ከሁለት በኩል ይዞት ነበር፤ ግማሹ በመንገዱ በኩል፣ ግማሹ ነፋስ ከገደሉ ሽቅብ በሚመጣበት በኩል። የአንኮበርን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ደግሞ የጣራ ቆርቆሮ ላይ ከሚስማሩ ሌላ ድንጋይ የሚጫንበት አገር መሆኑን ብቻ ያዙልኝ።

ንጉሤ እኅቱን እንዴት እንዳሳመነ በኋላ ነው የሰማሁት። የመንገድ ዳሩን ዛፍ ሸጠን መኪና ብገዛበት ዛፉን መልሶ እንደመትከል ነው፣ መኪናው ግማሽ ጢስ ነው የሚያወጣው አላቸው። መምህርም ይሻላል ብሏል ብሎ እኔን ምስክር ጠራ። ደግሞም በዓመት ሁለቴ ብቻ በአውቶብስ ተጋፍቼ ከምመጣ በየጊዜው ብቅ እያልኩ እጠይቅሻለሁ አለ። እትዬ አሰገደች የመጨረሻውን አስደገሙትና እሺ አሉ።

ዛፉ በተቆረጠ ቀን እኔም ነበርኩ። አጣናውን ለግንባታ የገዛው ነጋዴ ያመጣው የጭነት መኪና፣ የናፍጣ ጢሱን እያግተለተለ ያንን ዳገት ሲወጣ ፊታችንን ጥቀርሻ አለበሰን። ለሰማዩ ያለንን ፍቅር በዚህ ጀመርን። ንጉሤ እያሳለው «መጨረሻው እንጂ መጀመሪያው አይታይም» አለኝ። እኔም አላየሁም አልኩ።

መኪናው መጣ። አመድማ ነው፣ ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። ሲነሣ ድምፅ የለውም። እኅቱን ሊያሳይ ባመጣው ጊዜ የአጥቢያው ቄስ፣ አባ ወልደ ሰንበት፣ ጠበል ሊረጩለት ቆመው «በል አስነሣውና ልባርከው» ቢሉ «ተነሥቷል እኮ አባ» ተባሉ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡና፣ እንዳልሰሙ እያወቁ ሰማሁ ብለው ባረኩ። የአገሩ አህያም ይህን ጸጥታ አልለመደውም። ከኋላው ሲመጣበት አይሰማም፤ ቆሞ ያስባል፣ ንጉሤም ቆሞ ይጠብቀዋል። እትዬ አሰገደች ለመኪናው በረከት ይሆን ብለው በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ሰጡት። ንጉሤ ዳንቴሉን ከመሪው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ አለበሰው። ቤቱ ያለውን ቴሌቪዥንም እንደዚሁ ነው ያለበሰው፤ ውድ ዕቃ ፀሐይና አቧራ አይነካውም። ልክ ነው ብዬ እኔም ዳንቴሉን አስተካከልኩለት።

ወራት አለፉ። መኪናው ግን የተወራለትን ያህል አልሆነም። ቤንዚን ይጠጣል። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ዳገቱ ላይ ያ ድምፅ የለሽ መኪና ይጮሃል፣ ይዝላል፣ ንጉሤም አብሮት ይዝላል። መካኒክ ዘንድ ወሰደው። መካኒኩ የናፍጣ ሞተር በጆሮው የሚያክም ሰው ነው። አዳመጠ፤ ምንም አልሰማም። ስለዚህ ባትሪው ሞቷል አለ። አዲስ ባትሪ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ንጉሤ ቁጭ ብሎ አሰበና፣ የቀረው ሀብቱ ምን እንደሆነ ትዝ አለው። በነፋሱ በኩል ያለው ባሕር ዛፍ ነው።

እዚህ ላይ ጠብ ሆነ። እትዬ አሰገደች የመንገድ ዳሩን ሲሰጡ አላማረሩም፤ ሆኖም ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ነፋሱ በጎን እየዞረ ሁለት ቆርቆሮ ነቅሎ እታች ማሳ ላይ ጥሎባቸዋል። የቀረው ከተነካ ጣራው እንደማይቆም ያውቁታል። ንጉሤ ግድ የለሽም፣ ቤቱ ቢፈርስ እኔ ዘንድ ደብረ ብርሃን ትኖሪያለሽ አላቸው። ይህን በማለቱ ይብስ አስቀየማቸው። በሰባ ምናምን ዓመታቸው ከአባታቸው ቤት ተነሥተው የሰው ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን አጠገብ ሊቀመጡ አይፈልጉም። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አሉ። አባ ወልደ ሰንበት አንዱ ሽማግሌ ሆኑ፤ ሌላው እኔ ነኝ። ጥፋተኛውን ዳኛ አድርገው ሲሾሙት እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥን። ንጉሤ ባትሪው መሞቱን አስረዳ፤ ባትሪ ከሌለ መኪናው እንደማንኛውም ጢሳም መኪና መሆኑን፣ የተቆረጠውም ዛፍ በከንቱ እንደሚቀር አስረዳ። ንግግሩ አይናቅም። ግማሹን ዛፍ በከንቱ ላለማስቀረት ሌላውን ግማሽ መቁረጥ አለብን ነው የሚለው፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም ሲሠራ አይቻለሁ። አባ ወልደ ሰንበት ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጣራው ቀና አልኩ፤ ሰማይ ይታያል። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ተከናንበው ብድግ አሉ።

«ሞተ የተባለውን ሳላይ አላለቅስም» አሉ። «አስነሣው። ከፊት ነው የምቀመጠው።»

ከዚያ በፊት መኪናው ውስጥ ሲገቡ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት። አሁን ከንጉሤ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔና አባ ከኋላ ሆንን። ወደ ከተማው ሽቅብ ወጣን። መኪናው እንደ ልማዱ ጮኸ። እትዬ አሰገደች ስለ ባትሪ አንዳች አላሉም። ዓይናቸው የወደቀው ዳንቴሉ ላይ ነበር፤ የሠሩት ነጭ ነበር፣ አሁን አፈር መስሏል። አጥቤ እመልስልሃለሁ ብለው አነሡት። ንጉሤ ፀሐይ ይገባበታል ብሎ ተቃወመ። እሳቸው ግን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ከዳንቴሉ ሥር ሥዕል ወጣ። ትንሽ መኪና ተስሏል፤ ከነጎማው፣ ከነሞተሩ፣ ከነባትሪው። በመካከላቸው ቀስቶች ይሯሯጣሉ። የባትሪው ሣጥን ውስጥ ደግሞ እንደ ደረጃ የተደረደሩ መስመሮች አሉ፤ የበራው የታችኛው አንዱ ብቻ ነው። እኔና ንጉሤ ያንን ስክሪን ለወራት ስናስጌጠው እንጂ ስናየው አልነበርንም። እትዬ አሰገደች የልጅ ልጅ ልብስ እንደሚያዩ ሁሉ ጠጋ ብለው ያዩት ጀመር።

ከተማውን አልፈን ከዳገቱ አናት ላይ ደረስን፤ ዞርንና ቁልቁል ጀመርን። ንጉሤ እንደ ልማዱ ካምቢዮውን ሳብ አድርጎ ፍሪ አለው። መኪናው ተንሸራተተ፣ ጸጥታ ሆነ። በዚያ መከራ መካከልም ቢሆን ፊቱ ላይ ያ የድሮ ኩራት ብቅ ሲል በመስተዋቱ አየሁት። በሞተ ባትሪም ቢሆን ቁልቁለት መውረድ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ንጉሤ፣ ይሄ ሥዕል ምነው ተኛ?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«የቱ ሥዕል እትዬ?»

«ይሄ ነዋ። ቅድም ቀስቱ ይሯሯጥ ነበር። ያንን ዱላ ስትስበው ነው የተኛው።»

ንጉሤ ሾፌር መንገድ እንጂ ሥዕል አያይም አላቸው። እሳቸው «ዱላውን መልሰው» አሉት። በነዳጅ ቁልቁለት አልወርድም፣ አርባ ዓመት አልወረድኩም ብሎ ግግም አለ። ትንሽ ሄድን። ከዚያ አባ ወልደ ሰንበት ከኋላ፣ በዚያ ኑዛዜ በሚቀበሉበት ድምፃቸው፣ «እስቲ መልሰው ልጄ» አሉ። መለሰው።

መኪናው ከኋላ ቀስ ብሎ የያዘው ሰው ያለ ይመስል ፍጥነቱን ቀነሰ። ሥዕሉ ላይ ቀስቶቹ ከጎማው ተነሥተው ወደ ባትሪው ይጎርፉ ጀመር። ጥቂት እንደወረድን ከታችኛው መስመር በላይ ሁለተኛው በራ። እትዬ አሰገደች ጣታቸውን አስጠግተው ሳይነኩት ያዙት። ፊደል ያልቆጠሩት ሴት፣ እኛ ሦስታችን ያላነበብነውን አነበቡ።

ንጉሤ አላመነም። ፍሪ አደረገው፤ ሥዕሉ ተኛ። መለሰው፤ ተነሣ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። በሦስተኛው ጊዜ የእኔ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ነቃና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ማብራራት ጀመርኩ። ባትሪውን የሚሞላው ቁልቁለቱ ነው አልኩ። ማርሹ ውስጥ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድና ፍሬን ሲያዝ ጎማው ባትሪውን ያበላዋል፤ ቤንዚንም አያቃጥልም። ፍሪ ከሆነ ግን ጎማው ለብቻው፣ ባትሪው ለብቻው ነው። የንጉሤ መኪና የሚበላው ቁልቁለት ነበር፤ ንጉሤ ደግሞ በዚያ በተመሰገነ ቁጠባው ከፊቱ ገበታውን ሲያነሣበት ከርሟል። መካኒኩም ሞተ ያለው ርቦት እንጂ ሞቶ አልነበረም።

ንጉሤ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። ገደሉ ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። አባ «ተው ተወው» አሉኝ፤ እኔ ግን ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። እታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። የሚያለቅስ መስሎኝ ሳላየው ለማየት ሞከርኩ፤ አላለቀሰም።

«ያለኝ ሙያ እሱ ብቻ ነበር» አለኝ።

አሳዘነኝ። አርባ ዓመት ትክክል የነበረ ነገር፣ አንድ ቀን ማንም ሳይነግራችሁ ስሕተት ሆኖ ቢጠብቃችሁ እናንተስ ምን ትሉ ነበር? እኔ ያስተማርኳቸው አገሮች እንኳ ግማሾቹ ስማቸውን ቀይረዋል። ይህንኑ ነግሬው ሳበቃ እትዬ አሰገደች መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ አንድም የማሸነፍ ነገር ሳይታይባቸው፣ «ግባ ልጄ፣ ይበርድሃል» አሉት። ገባ። በማርሽ ወረድን። ቤት ስንደርስ አራት መስመር በርቶ ነበር፤ ስለ ባሕር ዛፉም ዳግመኛ ያነሣ የለም።

አርባ ዓመት የለመደ እጅ ግን በአንድ እሁድ አይታረምም። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር የንጉሤ እጅ ከባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ካምቢዮው ይሄዳል። እትዬ አሰገደች መድኃኒት አበጁለት። ዳንቴሉን አጥበው፣ ቀደው፣ ሰፍተው የካምቢዮው ቆብ አደረጉት። አሁን እጁ ሲሄድ ክሩን ይነካል፤ ክሩን ሲነካ እኅቱ ትዝ ይሉታል፤ እጁን ይመልሳል። ስክሪኑ ራቁቱን ቀርቷል። ፀሐይም እስካሁን ምንም አላደረገውም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ዛፉ ተርፏል፣ ጣራው ቆሟል፣ ባትሪውም አርጅቷል እንጂ እንደኛው ይሠራል። ነገር ግን እኔን ያቺ በጥርስ ሕመም የሰጠኋት ቃል ትከነክነኛለች። መኪናው ሲድን ንጉሤም አብሮ ዳነና፣ ያ በዓመት ሁለቴ አንኮበር ይወርድ የነበረው ሰው በየእሁዱ ይወርድ ጀመር። እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ታዲያ አንድ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ድሮ የሚመጣው በአውቶብስ ነው፤ አውቶብሱ ደግሞ ንጉሤ ኖረም አልኖረም ይሄድ ነበር። አሁን ጢሱ ለአንድ ጉዞ ትንሽ ነው፣ ጉዞው ግን በዝቷል። ከዚያ የተቆረጠው ዛፍ አለ፣ አጣናውን የጫነው ባለጥቀርሻ መኪና አለ። ባትሪው የተቆፈረበት አገር ሰዎችም አሉ፤ እኛን አያውቁን፣ እኛም አናውቃቸው። ከጉቶው ቡቃያ መውጣቱን፣ እሱም ትከሻዬ ድረስ መድረሱን በሌላው ወገን ጻፍኩ። ቁጥሮቹን ለእናንተ አልዘረዝርም፤ ብቻ ደጋግሜ ብደምረውም «ይሻላል እንጂ» ያልኩት ነገር አልወጣልኝም።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ በሚቀጥለው እሁድ ወረድኩ። ንጉሤ ውጭ መኪናውን ይወለውላል። እኔና እትዬ አሰገደች በረንዳው ላይ ነን። ሳልጀምር እሳቸው ጀመሩት። «ያኔ ይሻላል ያሉት ነገር እውነት ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ዋሽቼ አላመልጥም ብዬ፣ ወረቀቱን አወጣሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢሱ ከድሮው መጨመሩን፣ ለዚህም ብለው ግማሽ ዛፋቸውን መስጠታቸውን፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ። እሳቸው ወደ ወንድማቸው እያዩ ሰሙኝ። ንጉሤ የሌለ አቧራ እየፈለገ ነበር።

«ያለ መኪናው በየእሁዱ ይመጣ ነበር?» አሉኝ።

ወደ ወረቀቱ አጎነበስኩ።

«ጢሱን ተዉት መምህር። ጢስማ ዕድሜዬን ሁሉ ስጠጣው ኖሬያለሁ። ያጣሁት ሰው ነው።»

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩት። ዛፉን ለምን እንደሰጡ ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰማዩ ውስጡ አልነበረበትም። ትንሽ ቆይቶ ንጉሤ መጣና ምን እያወራችሁ ነው አለን። ስለ አየሩ አልነው።

ባለፈው እሁድ አንድ ጎረቤቴ ሃይብሪድ ሊገዛ አስቦ ቤቴ መጣ። ለአካባቢ ይሻላል ወይ አለኝ። ጥርሴን አላመመኝም ነበርና ጊዜ ወስጄ መለስኩለት።

«ማን ዘንድ ልትሄድበት ነው?»

ግራ ገባው። «ማን ዘንድም አይደል፤ እንዲሁ እዚሁ ከተማ ውስጥ» አለኝ።

«እንግዲያውስ በእግርህ ሂድ» አልኩትና፣ በሬን ቆልፌ፣ ደጅ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ቆሞ የሚጠብቀኝ የንጉሤ መኪና ውስጥ ገባሁ።